ሰኞ የሚታሰር ቢራቢሮ ክራቫት

ዛሬ ከሥራ በኋላ ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ የተሰበሰብን ጓደኛሞች፣ በየሳምንቱ ሰኞ ቢራቢሮ ክራቫት አስረን የምንገናኝበትን ማኅበር መሠረትን። ሰኞን የመረጥነው የከተማችን ትልቁ ገበያ የሚውልበት ቀን በመሆኑ ተመልካች እንዳይጠፋን ብለን ነው። የክራቫት መነሻ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ የተዋጉ የክሮኤሺያ ወታደሮች በአንገታቸው ያስሩት የነበረው ጨርቅ መሆኑን አንዱ ወዳጃችን ሲያብራራ፣ ሌላው «ታዲያ እኛ ከማን እናንሳለን?» ብሎ፣ ከእናቱ አሮጌ ቀሚስ የተረፈውን ጥለት ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ያሠራውን ከኪሱ አወጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከሱቁ ይልቅ ያምራል። ደንባችን አጭር ቢሆንም ጥብቅ ነው፤ በላስቲክ የሚጠለቀውን አድርጎ የመጣ አባል ከአቦል እስከ በረካ የሁሉንም ቡና ይከፍላል፣ የተጣመመበት ግን ይመሰገናል (መጣመሙ በገዛ እጁ ለማሰሩ ምስክር ነውና)። ቡና የሚያፈሉልን እናት አንገታችንን አይተው «ልጆቼ፣ የማን ሠርግ ነው?» ሲሉ ጠየቁን፤ የማንም እንዳልሆነ ስንነግራቸውም «አብሽሩ፣ ሙሽራ አይጠፋም» አሉን። መቀላቀል የምትፈልጉ፣ እህቶቻችንም ጭምር፣ ጨርቃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አስተሳሰሩን እናሳያችኋለን።