ውስጤ «ውሸት!» የማይለኝ ቃል

ማታ ላይ ከአለቃዬ «ነገ ጠዋት ላናግርሽ» የሚል መልእክት ሲመጣ ልቤ ስንጥቅ ይላል። ምን አጥፍቼ ይሆን? ሪፖርቱ ላይ ቁጥር ተሳስቶ ይሆን? ሊያሰናብቱኝ ይሆን? መልእክቱ ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን እሱኑ ሳብሰለስል እኩለ ሌሊት ያልፋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ የየዕለት ጭንቀት ብዙ ሰው የሚመክረው ለራስ በጎ በጎውን መናገር ነው፤ አፈርሜሽን የሚሉት። መስታወት ፊት ቁሚና «ጠንካራ ነኝ፣ ምንም አያስፈራኝም» በይ ይላሉ። እኔ ለራስ መናገር እንደሚረዳ ከልቤ አምናለሁ። ትልልቅ ቃል ግን አይሆነኝም። ልቤ ድው ድው እያለ «ፍጹም ተረጋግቻለሁ» ብል፣ ውስጤ ወዲያው «ውሸት!» ይለኛል። ከዚያ በኋላ ጭንቀት ብቻ ሳይሆን ክርክርም አለብኝ ማለት ነው።

ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ አይደለም። ጆአን ዉድ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት አለ። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ፣ ካልደገሙት ይልቅ ስሜታቸው ባሰ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸውን ግን ትንሽ ረዳቸው። በጣም ያሳዝነኛል። በጎ ቃል አብዝቶ የሚያስፈልገው ሰው ነው የተጎዳው።

ስለዚህ የምመርጠው ውስጤ መልስ የሚያጣለትን ነው። «ምን እንደሆነ አሁን አላውቅም፤ ነገ አውቃለሁ።» «ከዚህ የከበደም አልፎልኛል።» እነዚህን ምን ብዬ ልከራከራቸው? እውነት ናቸው። ኤሚል ኩዌ የሚባል ፈረንሳዊ ፋርማሲስት ሰዎችን ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ የሚያስደግማት አባባል ነበረችው፦ «በየቀኑ፣ በሁሉም ረገድ፣ እየተሻለኝ ነው።» ደስ የምትለኝ «ድኛለሁ» ስለማትል ነው። እየተሻለኝ ነው ማለት በመጥፎ ቀንም አያሳፍርም።

አነጋገሩም ለውጥ ያመጣል። ጓደኛዬ ስትጨነቅ እንዴት በለሰለሰ አንደበት ነው የማጽናናት! ለራሴ ሲሆን አለንጋ አነሣለሁ። አሁን ራሴንም እንደ ሌላ ሰው ነው የማናግረው። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ከዚያ ስሜን ጠርቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አይዞሽ። ዛሬ ማታ የምትሠሪው ነገር የለም። ነገ ትሄጃለሽ፣ ትሰሚያለሽ፣ የምታውቂውን ትመልሻለሽ» እላለሁ። «ትመልሻለሽ» የሚለው ጋ ስደርስ ትከሻዬ ወረድ ይላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ ንግግር ሊያደርጉ ሲዘጋጁ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ያሰቡ ሰዎች «እኔ» እያሉ ካሰቡት ያነሰ ተጨንቀዋል።

ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል አልልም። አንዳንዴ እየተገላበጥኩ ይነጋል። ጭንቀቱ ለሳምንታት ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከሥራ የሚያግድ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አይበቃም፤ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። እባካችሁ፣ ያንን በቃል ብቻ ለማለፍ አትታገሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ ሲደጋገም ይደነዝዛል። አፌ ይለዋል እንጂ ጆሮዬ አይሰማውም። ያኔ ሳልሳሳ እቀይረዋለሁ። ሥራ ተከምሮ ጠዋት ከየት እንደምጀምር ሲጠፋኝ ሰሞኑን ለራሴ የምለው «መጀመሪያ ይቺን አንዷን ጨርሺ» ነው። እስካሁን ውስጤ አልተከራከረኝም።