የፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ቁጥሮች

የመጀመሪያ ፊልሜን ካጠበልኝ ሰው ዘንድ የሄድኩት ለመጣላት ነበር።

38 ፎቶ አንስቼ ነበር። የእህቴ ልጅ መራመድ የጀመረችበት ሳምንት ነው። ከወንበሩ ወደ እናቷ ጉልበት፣ ከእናቷ ጉልበት ወደ በሩ፤ ሁሉንም ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ውጬ አነሳሁት። የተመለሰልኝ ጫፉ ብቻ የጠቆረ፣ ከዚያ በኋላ ከዳር እስከ ዳር ባዶ የሆነ የፊልም ጥብጣብ ነው።

«ፊልሜን አበላሽተውብኛል» አልኩት። አባቴን የሚያህል ሰው ነው፤ አልተቆጣኝም። ጥብጣቡን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ በጥፍሩ ጠርዙን አሳየኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ ምን ይታይሻል?»

ከፊልሙ ስም ጋር እስከ 36 የሚዘልቁ ጥቃቅን ቁጥሮች ይታያሉ።

«እነዚህን ፋብሪካው ነው በብርሃን ያተማቸው። የሚወጡት ግን ፊልሙ ሲታጠብ ነው። እነሱ ከወጡ ማጠቡ ደኅና ነው። ይህ ፊልም ካሜራሽ ውስጥ ብርሃን አላየም።»

የፊልሙ ጫፍ ከማጠንጠኛው ስንጥቅ ሾልኮ ወጥቶ ኖሯል። እኔ ፊልሙን የሚያሳልፈውን ማንሻ ስስብ ባዶው ማጠንጠኛ ይሽከረከራል፣ መዝጊያው ይጮኻል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ፊልሙ ግን ከቆርቆሮው አልተነቃነቀም። ካሜራዋ የምትቆጥረው የማንሻውን ስበት እንጂ ፊልሙን እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ባለ 36 ፊልም ይዤ ሠላሳ ስምንተኛውን ሳነሳ «ፋብሪካው መረቀልኝ» ብዬ ደስ ብሎኝ የነበረ መሆኑ ነው።

ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። እህቴ ነገሩን ስትሰማ ስቃ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። እሷ ሁሉንም አንስታዋለች፤ ጥሩ ፎቶዎችም ናቸው።

እንግዲህ «ፊልም ከዲጂታል ይበልጣል» የሚሉኝ ሰዎች ቢያዝኑብኝም አልስማማም። ስልኩ በጨለማ ያያል፣ ፊት ይለያል፣ ሳይሳሳት ያተኩራል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ስልክ ሲበላሽብኝ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አጥፍቼ አበራዋለሁ። ፊልም ሲበላሽ ግን ጥፋቱ አሻራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ጥብጣቡን አንስቶ ጥፋተኛውን መፈለግ ይቻላል። ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ካሜራዬ ፔንታክስ ኬ1000 ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1997 የተሠራች፣ ለፎቶግራፍ ተማሪዎች መጀመሪያ ትገዛ የነበረች ቀላል ካሜራ። ከሰከንድ 1/1000ኛ ጀምሮ ያሉት ፍጥነቶቿ ሁሉ የሚሠሩት በጥርስና በሞላ ነው። ባትሪዋ የሚያንቀሳቅሰው የብርሃን መለኪያዋን መርፌ ብቻ ስለሆነ ባትሪው ቢሞትም ፎቶ ታነሳለች። መለኪያው ማጥፊያ የለውም፤ የሌንሱን ክዳን ስትገጥሙለት ይተኛል። ክዳኑን በመርሳት የፈጀሁትን ባትሪ አልናገርም።

አራተኛው ፊልም ላይ ቀይ እሳት የመሰለ ሰንበር በእያንዳንዱ ፎቶ ዳር መጣ። በመጀመሪያ ሌንሱን ጠረጠርኩ። ነገሩ የገባኝ የባለቀለም ፊልም አሠራርን ሳነብ ነው። ፊልሙ የተነባበረ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበለው ንብርብር ከላይ ወደ ሌንሱ፣ ቀዩን የሚቀበለው ከታች ወደ ጀርባው ይሆናል። ስለዚህ በጀርባ በኩል ሾልኮ የገባ ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው የቀዩን ንብርብር ነው። ሌባው በየት በኩል እንደገባ ቀለሙ ይናገራል ማለት ነው! የካሜራዋን የኋላ በር ከፍቼ በሩ የሚገጥምበትን ቦይ በጥርስ መፋቂያ ስነካው ብርሃን እንዲከለክል የተለጠፈው ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ሬንጅ ተጣበቀብኝ። በአልኮል ጠርጌ፣ በምትኩ ጥቁር የሱፍ ክር በቦዩ ውስጥ አስተኛሁ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ እስከ ዛሬ ግን ሰንበሩ አልተመለሰም።

መርፌዋን ማመን የተውኩበትም ጊዜ ነበር። መርፌዋ የምታውቀው ግራጫን ብቻ ነው፤ ያየችውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ልታደርግ ትሞክራለች። ጥቁር ፊት ያለውን ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ እሷን ከሰማችሁ ግድግዳው ግራጫ፣ ሰውየው ጥላ ይሆናል። አባቴን እንዲህ አድርጌ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ኔጋቲቩን፣ ማለትም ብርሃንና ጥላ ተገለባብጠው የሚታዩበትን የታጠበውን ፊልም፣ ስታዩት ፊቱ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ እንደ መስተዋት ጠርቶ ይታያል፤ እዚያ ምስሉን የሚሠራው ብር ምንም አልቀረም፣ ምንም ቢደረግ ከባዶ ፊት አይወጣም። አሁን ወደ ሰውየው ተጠግቼ ፊቱን ብቻ እለካና ተመልሼ አነሳለሁ። ስጠራጠር ብርሃን እጨምራለሁ፤ የኔጋቲቭ ፊልም ትርፍን ይችላል፣ ጉድለትን ግን ይቅር አይልም። ጠራራ ፀሐይ ላይ መርፌዋንም አላማክር፤ የብርሃን ስሜቱ 400 ለሆነ ፊልም የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16፣ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/500 አድርጎ ማንሳት ይበቃል። ይህ ደንብ ከብዙ መለኪያ የበለጠ ታምኖልኛል።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ጥቁርና ነጭ ፊልም ራሴ ማጠብ ስጀምር ነው። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፊልም፣ ምስሉን የሚያወጣው ዲ-76 የተባለ ኬሚካል ከውሃ እኩል በእኩል ተቀላቅሎ፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ደቂቃ፤ እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ። የእሱንና የፊክሰሩን ጠርሙሶች ግን ተመሳሳይ ገዝቼ፣ ስም ሳልጽፍባቸው አጠገብ ለአጠገብ አቁሜያቸው ነበር። ጨርሼ ፊልሙን ከጣሳው ሳወጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርጭቆ ሆኖ ወጣ። ወዲያው ጠርዙን አየሁ። ቁጥር የለም፤ የፊልሙም ስም የለም። ፀሐይ ያየው መነሻው ጫፍ እንኳ አልጠቆረም። ስለዚህ ካሜራዋ ንጹሕ ናት፣ ጥፋቱ ያለው ማጠቢያው ላይ ነው። ምስሉን ከሚያወጣው በፊት ምስሉን የሚያጸናውን ፊክሰር ቀድቼበታለሁ። የፊክሰር ሥራ ያልታጠበውን የብር ጨው አሟሙቶ ማስወገድ ነው፤ ገና ምንም ስላልታጠበ ሁሉንም ወሰደው። የታዘዘውን ነው የሠራው።

ወደ ሽማግሌው ሄጄ ያንን ፊልም አሳየሁት። እንደ ፊተኛው ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ጠርዙን ፈለገ፤ ዝም ብሎ ቆየና «ይሄኛውንስ እኔ አላጠብኩትም» አለኝ።

የእህቴ ልጅ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል፤ እንደ ድሮው ስታነሷት ዝም አትልም። ካሜራዬ ላይ የራሷን ሥራ አግኝታለች። ማንሻውን ስስብ በግራ በኩል ያለችው የመመለሻ መዘውር አብራ ከዞረች ፊልሙ በትክክል እየሄደ ነው፤ ያንን እንድትመለከት ሾምኳት። ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ፊቷን እስከ ካሜራው ድረስ ታስጠጋለች፤ በዚህ ምክንያት ያለፈው ፊልም ላይ ግማሹ ፎቶ የግንባሯ ነው። ትናንት 31ኛው ላይ ማንሻውን ስስብ አፍንጫዋን መዘውሯ ላይ ልትነካ ምንም ሳይቀራት ጮኸች።

«ዞረች!»