ላሸነፈ ሰው ልቅሶ የደረስኩበት እሑድ

በአየርላንዷ ሊመሪክ ከተማ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ መኖር በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ክፍል ያከራዩኝ አዛውንት፣ ጨዋታ ሲኖር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ፈጽመው ያጠፉና ሬዲዮውን ቤቱ እስኪነቃነቅ ይከፍቱ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ የሬዲዮ ዘጋቢ ሜዳውን በቃል መሥራት ስላለበት አንደበቱ የተገራ ነው አሉኝ። በተለይ ከ1949 እስከ 2010 ጨዋታ ያስተላለፉትን ሚሃል ኦ ሙርሃርቲን አንሥተው አይጠግቡም፤ እርሳቸው በእንግሊዝኛው መካከል አይርላንድኛ ጣል እያደረጉ፣ ኳሷ ወደ ሰማይ ወጥታ እስክትወርድ ድረስ የመቺውን ትውልድ ቆጥረው ይጨርሱ ነበር አሉ።

የዚህ አሰማም ጣጣው ሬዲዮው ከቴሌቪዥኑ ጥቂት ሰከንዶች መቅደሙ ነው። እኔ ይህን ባለማወቄ፣ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ሳለች አዛውንቱ «ገባ!» ብለው ሲነሡና በእርግጥም ስትገባ እያየሁ፣ የምኖረው ከባለ ራእይ ጋር ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 2018 ሊመሪክና ጎልዌይ በደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ለሃርሊንግ ዋንጫ ተገናኙ። ሃርሊንግ ከእኛው የገና ጨዋታ ጋር የሚዛመድ፣ በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰዎች ዱላ ይዘው የሚራወጡበት ጨዋታ ሲሆን፣ ሊመሪክ ዋንጫውን ካነሣች 45 ዓመት አልፏት ነበር። መደበኛው 70 ደቂቃ ሊያልቅ ሲል በስምንት ነጥብ ትመራ የነበረችው ሊመሪክ፣ 8 ደቂቃ ተጨምሮ ጎልዌይ ሁለት ጎልና ጥቂት ነጥቦች ሲያገባባት ልዩነቱ ወደ አንድ ወረደ፤ ዘጋቢው ትንፋሹን የሚሰበስብበት ፋታ እንኳ አጣ። በመጨረሻ ጆ ካኒንግ የተባለው የጎልዌይ ተጫዋች ከራሱ ሜዳ ቅጣት ምት መታ። በቴሌቪዥኑ ኳሷ ገና አየር ላይ ነበረች፤ አዛውንቱ ግን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ይንሰቀሰቁ ጀመር።

ዘጋቢው ውጤቱን «ሊመሪክ ሦስት፣ አሥራ ስድስት፤ ጎልዌይ ሁለት፣ አሥራ ስምንት» ሲል አወጀ። ሒሳብ እንጀራዬ ነውና ወዲያው ደመርኩት፦ 19 ለ20። ለካ ምስኪኑ የሚያለቅሱት በአንድ ነጥብ ተሸንፈው ነው! ሐዘን ያለበት ቤት ሬዲዮ አይጮኽበትም ብዬ በፍጥነት አጠፋሁት፤ ከዚያም አጠገባቸው ተቀምጬ ትከሻቸውን እየደባበስኩ፣ በአገራችን «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» እንደሚባል በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ሲያስተጋባ ደግሞ፣ የጎልዌይ ደጋፊዎች በሰው ከተማ እንዲህ መጨፈራቸው ነውር መሆኑን ገለጽኩላቸው።

አዛውንቱ እንባቸው ሳይደርቅ ቀና ብለው፣ ጤንነቴን እንደሚጠራጠር ሰው አዩኝ። «ሬዲዮዬን ክፈትልኝ!» አሉ። የ45 ዓመቱ ጥበቃ ያበቃበትን ደስታ ዘጋቢው ሲተርክ፣ እኔ ለካ በዝምታ እያስታመምኳቸው ነበር።

ቆይተው የጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጽፈው አሳዩኝ። መረቡ ውስጥ የገባች ጎል ሦስት ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ግን አንድ ነጥብ ናት፤ ስለዚህ ሊመሪክ 25፣ ጎልዌይ 24። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም ዘጋቢዎቹን አልማርኳቸውም፤ የእግር ኳሱ ሦስት ለሁለት ብሎ ይገላገላል፣ የራግቢው እንኳ ባለ አምስት ነጥቡንም ባለ ሦስት ነጥቡንም ደምሮ ነው የሚያቀርበው፤ የሃርሊንጉ ግን ማባዛቱን ለአድማጩ ትቶለት ይሄዳል።

አዛውንቱ እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው ብለኸኝ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።