መልቀቂያ ሲገባ ብቻ እጠይቅ ነበር

የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከሠራተኛ ጋር ቁጭ ብዬ የማወራው ሲቀጠርና ሲለቅ ብቻ ነበር። መሃል ያለው ዘመን በፈቃድ ቅጽና በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ያልፋል። አራት ዓመት አብራን የሠራች ጎበዝ ባልደረባ መልቀቂያ ስታስገባ "ምነው ቀደም ብለሽ ሳትነግሪኝ?" አልኳት። "ማን ጠየቀኝ?" አለችኝ። ክሊራንሷን የፈረምኩት አፍሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሚለቁ ሰዎች የማቀርባቸውን ጥያቄዎች ሥራ ላይ ላሉት ማቅረብ ጀመርኩ። እዚህ ያቆየህ ምንድን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ልልቀቅ ብለህ ያሰብከው መቼ ነው? ያን ቀን ምን ተፈጠረ? ብዙ ነገር የሚያወጣው ይህ የመጨረሻው ነው።

የመጀመሪያው ዙር ግን ከሸፈ። ሰዎቹን ቢሮዬ ጠርቼ፣ ያውም ምዘና በተጠናቀቀ ማግስት፣ ማስታወሻ ይዤ ስጠይቃቸው ሊቀንሱን ነው ብለው ሰጉ። ሁሉም "ደህና ነው" ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ዙር ቅሬታቸውን ነገሩኝ፤ እኔ ደግሞ መልስ ሳልሰጥ ወራት አለፉ። በሦስተኛው ዝም አሉ። መብታቸው ነበር።

ዊሊያም ካን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው ሙሉ ልቡን ለሥራው የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲሟላለት ነው ይላል፦ ሥራው ትርጉም ሲኖረው፣ የልቡን ቢናገር እንደማይጎዳ ሲያምን፣ ለሥራው የሚሆን ጉልበትና መንፈስ ሲተርፈው። እኛ ስለ ኩባንያው ራዕይ በየስብሰባው ስንናገር የከረምነው የመጀመሪያውን ይዘን ነበር። የጎደለን ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ውይይቱን ከምዘናና ከደሞዝ ጭማሪ ለየነው፤ የሚያካሂዱትም የቅርብ ኃላፊዎች ሆኑ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወይ አንድ ነገር ይስተካከላል፣ ወይ የማይቻልበት ምክንያት በግልጽ ይነገራል። "አይቻልም" መባልን ከምክንያቱ ጋር የሰሙ ሰዎች እንደፈራሁት አልተቀየሙም። ደሞዙ ከገበያው በታች ከሆነ ግን ውይይት አይተካውም፤ እዚያ ላይ ራሳችንን ባናታልል ጥሩ ነው።

ለአዲስ ገቢዎች የሙከራ ጊዜያቸው ሳያልቅ እንጠይቃለን። ይበልጥ የምጠነቀቀው ግን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ነው። ሰው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ስህተት ስለማይሠራ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ የሚያዘጋጀው ሪፖርት ነበረው፤ "ማን እንደሚያነበው አላውቅም" አለ። ስናጣራ ማንም አያነበውም። ሪፖርቱን አስቀርተን በዚያ ጊዜ አዲስ ተቀጣሪዎችን እንዲያሠለጥን ጠየቅነው፤ ደስ ብሎት ያዘው።

እሱም ኋላ ትምህርቱን ለመቀጠል ለቀቀ። ግን ሐሳቡን ከስምንት ወር በፊት ነግሮን ስለነበር ተተኪውን ራሱ አሠልጥኖ ነው የወጣው።