ከቁም ሳጥን አናት የወረደች ብርድ ልብስ

«ትናንት እግሬን ነበር የሚነዝረኝ፤ ዛሬ የጎን አጥንቴ ላይ ሆነ» አሉ ለሕመማቸው የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ጀርባቸው ውስጥ በቅርቡ የተቀበረላቸው ታካሚ። ምን ሠርተው ነበር? እጃቸውን ሰቅለው ከቁም ሳጥን አናት ብርድ ልብስ አወረዱ። በቃ፣ ይኸው ነው!

ለማይለቅ ሕመም ጀርባ ውስጥ የሚቀበረው ይህ ማነቃቂያ ለስላሳ ኤሌክትሪክ ወደ ሕብለ ሰረሰር እየላከ የሕመሙን ስሜት ያደበዝዛል፤ ታካሚዋ የሚሰማቸው ንዝረትም ከዚሁ ነው። ሽቦው ቀጭን ነው፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ 8 የኤሌክትሪክ ነጥቦች አሉት። የሚቀመጠው ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጭ ባለችው ጠባብ ክፍተት ነው። ጠባሳ አቅፎ እስኪይዘው ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጎንበስ፣ መጠማዘዝ፣ ከባድ ማንሳት፣ እጅን ከራስ በላይ መስቀል የለም። ሽቦው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ ንዝረቱ ቦታ ይስታል።

ደግነቱ ወዲያው ቢላ አይነሳም። በራጅ የት እንደደረሰ ይታይና በፕሮግራም ሌሎቹ ነጥቦች ይሞከራሉ። ርቆ ከሄደ ግን እንደገና መከፈቱ አይቀርም።

መሣሪያው ለዘለቄታው ከመቀበሩ በፊት በተደረገው የሙከራ ሳምንት ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ መቀነሱን አጥብቀው ጠይቀዋቸዋል። ብርድ ልብሱ የት እንደሚቀመጥ ግን የጠየቃቸው የለም።