ከክሎሬላ ወደ ስፒሩሊና፦ የድሬ በረንዳ ላይ ሙከራ

ባለፈው ክሎሬላ ላሳድግ ነው ብዬ ነበር። አሁን በረንዳዬ ላይ ያለው ግን ስፒሩሊና ነው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ የሚያድጉ፣ ለምግብ የሚሆኑ ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች ናቸው።

ክሎሬላ እውነተኛው አረንጓዴ አልጌ ነው፤ ለድሬ ግን አይሆንም። የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። የእኛ ግንቦት ደግሞ ይህን ገና በረፋዱ ያልፈዋል። በዚያ ላይ ህዋሱ ከማነሱ የተነሳ በሻሽ አይጠለልም፤ ግድግዳው ካልተሰባበረም ሆድ በቅጡ አይፈጨውም። ማሽን ላለው ሰው ይሁን።

ስፒሩሊና በሳይንሱ ባክቴሪያ ነው፤ ገበያው ግን ከአልጌ ጋር ይሸጠዋል። 35 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚደላው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 10 አካባቢ በሆነ ውሃ ስለሚያድግ ሌላ ተህዋስ ብዙም አይደፍረውም። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ ያለውን፣ ስፒሩሊና በራሱ የሚያድግበትን ጭቱ ሐይቅን ማየት ነው። ቻድ ውስጥ የካኔምቡ ሴቶች ከሐይቅ ዳር ሰብስበው፣ አድርቀው ወጥ ይሠሩበታል።

እኔን ያስቸገረኝ ውሃው ነው። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግረውን። ስፒሩሊና በሊትር እስከ 16 ግራም የመጋገሪያ ሶዳ (ባይካርቦኔት) ይፈልጋል። ፒኤቹ ከፍ ሲል ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ኖራ ሆኖ ይለይና ባልዲው ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ስታጠሉት ኖራው አብሮ ይመጣል፤ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ስለዚህ ውሃውን አፈላዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ እቀዳለሁ። ከሰሉ ያስወጣል፣ ግን ሠርቷል። ቀትር ላይ ባልዲውን በሸራ እጋርደዋለሁ፤ ከ40 ካለፈ አይተርፍም።

መሰብሰቡ ደስ ይላል። በሁለት እጥፍ ሻሽ ቀስ ብዬ አፈሳለሁ። ውሃው ወርዶ ያልቅና ወፈር ያለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቀራል። አጥቤ እጨምቀዋለሁ። ትኩሱ ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል። የደረቀው ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ በማንጎ ጭማቂ ካልሆነ አልወደውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በሊትር ግማሽ ግራም ያህል ደረቅ ይገኛል። 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቢሰበሰብ 10 ግራም ነው፤ ፕሮቲኑ 6 ግራም ገደማ፣ የአንድ እንቁላል ያህል። ሽሮን ይተካልኛል ብሎ የሚጀምር ካለ፣ አቦ ይተወው! ተጨማሪ ምግብ ነው፣ አለቀ።

ለጿሚዎች ደግሞ አንድ ነገር። ሻጮች ቫይታሚን ቢ12 (ከሥጋና ከወተት የምናገኘው) ሞልቶበታል ይላሉ። አብዛኛው ግን ሰውነታችን የማይጠቀምበት ዓይነት ነው። ለዚያ ብላችሁ እንዳትገዙ።

ከሐይቅ ወይም ከኩሬ የተቀዳ አረንጓዴ ነገር ደግሞ ፈጽሞ አትቅመሱ። መሳዩ ብዙ ነው፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለውም አለ። የእኔ ዘር ከላብራቶሪ ወዳጄ የመጣ ነው። ድሬ ያላችሁ ከፈለጋችሁ ንጹህ ሃይላንድ ይዛችሁ ኑ፤ ውሃውን ግን ቀድማችሁ አፍሉ።