ከባድ፣ ትንሽና ርካሽ፦ ለውሃ ማንሻችን ክብደት የመረጥንበት መንገድ

የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ፕሮጀክታችን ጣና ዳር ላለ የጓሮ አትክልት ውሃ የሚያወጣ ማንሻ መሥራት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ባላ ይተከላል፣ በላዩ ላይ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ይጋደማል። በረጅሙ ጫፍ ባልዲ፣ በአጭሩ ጫፍ ክብደት ይታሰራል። የጥንት ግብፆችም ከዓባይ ውሃ የቀዱት በዚሁ ዘዴ ነው። የዓባይ መውጫ ላይ ተቀምጠን እኛ ሳንሞክረው ብንቀር ያሳዝነኝ ነበር።

ዋናው ጥያቄ በአጭሩ ጫፍ ምን እንሰር የሚለው ነው። መጀመሪያ ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ አሰላን። እንጨቱ 3 ሜትር ነው፤ ባላው ላይ ሲጋደም 2 ሜትሩ ወደ ባልዲው፣ 1 ሜትሩ ወደ ክብደቱ ይሆናል። ባልዲው 1 ኪሎ ይመዝናል፣ 10 ሊትር ውሃ ይይዛል። ሚዛኑ የሚጠበቀው ለባዶው ባልዲና ለግማሹ ውሃ ነው፣ ማለትም ለ6 ኪሎ። እንዲህ ሲሆን ባዶውን ወደ ታች መሳብና ሙሉውን ማንሳት እኩል ጉልበት ይጠይቃሉ። ማንሻው የሚመጣጠነው በሁለቱም በኩል ክብደቱ ከባላው ባለው ርቀት ሲባዛ እኩል ሲሆን ነው፤ 6 ኪሎ በ2 ሜትር ሲባዛ 12 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚረሳው የእንጨቱን የራሱን ክብደት ነው። የኛው 6 ኪሎ ነው፤ መሃሉ ከባላው ግማሽ ሜትር ወደ ባልዲው ስለሚያዘነብል 3 ይጨምራል። ስለዚህ በ1 ሜትር ላይ 15 ኪሎ ያስፈልጋል።

15 ኪሎ በጀሪካን ውሃም ይገኛል። ግን 15 ሊትር ቦታ ይፈጃል፤ ከእንጨቱ ሥር ሲንጠለጠል ባልዲው ከፍ ሳይል መሬት ይነካል። ደረቅ አሸዋ በሊትር 1.6 ኪሎ ገደማ ነው። አሸዋ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ውሃ ዳር ይርሳል፣ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ ሚዛኑም አብሮ ይለዋወጣል። ኮንክሪት በሊትር 2.4 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ግን መቀነስ አይቻልም።

ባሕር ዳር ከተማ የሞላው ጥቁር ድንጋይ ነው። እሱንም ቢሆን እያዩ መምረጥ ያስፈልጋል። ብዙው በእሳተ ገሞራ ጋዝ የተበሳሳ ስለሆነ ከመልኩ ይልቅ ቀላል ነው። እኛ ወፍጮ ቤት ሄደን አስመዘንን፤ ከዚያ አፍ እስከ ገደፉ ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረን የፈሰሰውን ለካን። ኪሎውን ለፈሰሰው ሊትር ስታካፍሉት እፍግታው ይወጣል። ቀዳዳ የሌለው ወደ 2.8 ሲጠጋ ቀዳዳ የበዛበት በጣም ያንሳል።

እርሳስ በሊትር 11.3 ኪሎ ነው፤ ከአሮጌ ባትሪ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። አሲዱ ያቃጥላል፣ እርሳሱም መርዝ ነው፤ ያውም ሰው ከሚጠቀምበት ሐይቅ ዳር!

የመረጥነው ብረት ነው። አንድ ጋራዥ ገብተን «ጋሼ፣ የተበላ የፍሬን ዲስክ ይኖርዎታል?» አልናቸው። ጥግ ላይ ከተከመረው አንስተው ሁለት ሰጡን። የፍሬን ዲስክ የሚሠራበት ብረት በሊትር 7.2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 15 ኪሎው ከሁለት ሊትር ብዙም አይበልጥም። የብሎን ቀዳዳም ስላለው ማሰር አያስቸግርም። የፍሬን አቧራ ለሳንባ ጎጂ ነው። በአፍ አታራግፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሁለቱ ዲስኮች 11.2 ኪሎ ሆኑ። የጎደለውን 3.8 ኪሎ በፌሮ ቁርጥራጭ ሞላነው፤ እሱን ግንባታ ያለበት ቦታ ሁሉ ታገኙታላችሁ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሚዛን ባይኖርም በሜትር ብቻ ክብደቱን ታውቃላችሁ። 4.3 ሜትር ያህል ቆራርጠን በጥቁር ሽቦ ጠፍረን አሰርነው። ይህን ዘዴ በጣም ነው የወደድኩት። ባልዲ ብትቀይሩ አንድ ቁራጭ መጨመር ወይም ማውጣት ብቻ ነው።

ብረቱን ስታስሩ አንድ ሰው የባልዲውን ጫፍ ይያዝ፤ ከክብደቱ ሥር ደግሞ ማንም አይቁም። በአቅራቢያችሁ ጋራዥ ከሌለ ቀዳዳ የሌለውን ጥቁር ድንጋይ በጆንያ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ቦታ ስለሚይዝ ባላውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ።